የወራት ልፋቴ በአንድ ቅጽበት ጠፋ፤ ባለቤቴም አኩርፋኛለች

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎት ጉዳይ ለብዙ ሰው ቀልድ ስለሚመስል እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ዕድሜዬ 36 ነው። የምኖረው ስቶክሆልም ሲሆን የከተማ አውቶቡስ አሽከርካሪ ነኝ። ባለቤቴ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን።

ማታ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ኢሊት ዴንጀረስ የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ እጫወታለሁ። ጨዋታው የምንኖርበትን ጋላክሲ በሙሉ ስፋቱ የያዘ ነው። በጠፈር መርከብ ከኮከብ ወደ ኮከብ እየዘለልኩ ማንም ያልደረሰባቸውን ዓለማት እቃኛለሁ። የሰበሰብኩት መረጃ ጣቢያ ደርሶ ሲሸጥ ገንዘብ ያስገኛል። እኔን የሚስበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። መረጃው ከተሸጠ በኋላ በዚያ ኮከብ ላይ መጀመሪያ ያገኘው ሰው ስም ተጽፎ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተጫዋች ሁሉ ያየዋል። ለባለቤቴ ነግሬያት አላውቅም እንጂ በጨዋታው ውስጥ የምጠራበት ስም የልጃችን ስም ነው።

ከአምስት ወር በፊት ሰው ከሚኖርበት የጋላክሲው ክፍል ወጥቼ እምብርቱን አቋርጬ ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ጣቢያ አልረገጥኩም። ኮሎኒያ ወደተባለው ሩቅ የሰዎች መኖሪያ ለመድረስ ጥቂት ሌሊት ሲቀረኝ አንድ ቀለበት ያላት ፕላኔት አየሁና ላርፍባት ፈለግሁ። መርከቤ አስፕ ኤክስፕሎረር ናት፤ ቀላል ሆና ሩቅ እንድትዘል ብዬ ጋሻዋን አውልቄ ነበር የተነሳሁት። እየወረድኩ ሳለሁ ልጃችን አለቀሰች። ባለቤቴ ጠራችኝ፤ «አንድ ደቂቃ» አልኩ። በሩ ላይ መጥታ ቆማ በስሜ ጠራችኝና ዞር አልኩ። ዓይኔን ስመልስ መሬቱ ፊቴ ላይ ደርሶ ነበር። መርከቢቱ ተከሰከሰች።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ያሳፍረኛል። «አምስት ወሬን አጠፋሽብኝ! አንቺ ነሽ!» ብዬ ጮኽኩባት። እሷ «ለጨዋታ ብለህ ነው እንዲህ የምትጮህብኝ?» ብላ ሄደች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሊሆነን ነው፤ ስለ ልጅቷ ካልሆነ በቀር አንነጋገርም። ኮምፒውተሩንም ከዚያ ሌሊት ወዲህ አልከፈትኩትም።

ለጨዋታው አምራች ድርጅት ብጽፍ መረጃው ይመለስልኝ ይሆን? ወይስ ጨዋታውን ጨርሶ ሰርዤ ልገላገል? ከባለቤቴስ ጋር በምን አፍ ልነጋገር? ለመሆኑ በዚህ ነገር እንዲህ ማዘኔ ጤና ነው?

መንገደኛው፣ ከስቶክሆልም

መልስ

ውድ ወንድሜ መንገደኛው፣

በመጨረሻ ከጠየቅኸው ልጀምር። አዎ፣ ሐዘንህ ጤነኛ ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘህ ስትዞር ውለህ፣ ከእንቅልፍህ ቆርሰህ፣ ለወራት ያጠራቀምከው ነገር ዓይንህ እያየ ሲጠፋ ባታዝን ነበር የሚገርመኝ። በዚያ ላይ የልጅህን ስም ማንም ባልረገጠው ቦታ ላኖር ነው ብለህ የያዝከው ሐሳብ አብሮ ወድቋል። ጓደኞቼ ይስቁብኛል ብለህ መሸሸግህም ይገባኛል። የሚያሳስበኝ ማዘንህ አይደለም፤ ሐዘኑን ያራገፍክበት ሰው ነው። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን የመረጃውን ነገር ልጨርስልህ፤ ግማሽ ልብህ እዚያ ሆኖ የቀረውን እንደማታነበው አውቃለሁና።

መረጃው አይመለስም። በዚህ ጨዋታ ያልተሸጠ የቅኝት መረጃ የሚኖረው መርከቢቱ ላይ ብቻ ነው፤ እሷ ስትወድም አብሯት ይወድማል። ብቻህን ስትጫወት እንኳ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት በኩል የሚመዘገበው በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሆነ፣ ትናንት ያስቀመጥከውን ቅጂ ከፍተህ ወደ ኋላ የምትመለስበት መንገድ የለም። ለድርጅቱ መጻፍ ትችላለህ። ነገር ግን መርከብህ የወደመችው በጨዋታው ሕግ እንጂ በብልሽት ስላልሆነ፣ የእነሱን መልስ እየጠበቅህ ተጨማሪ ሳምንታት እንድትንጠለጠል አልፈልግም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ሁሉም ፈስሷል ማለት ግን አይደለም፤ የተረፈልህን በደንብ የቆጠርከው አልመሰለኝም። መርከብህ መድን አላት። ከዋጋዋ 5 በመቶ ያህል ከፍለህ ከነሙሉ ዕቃዋ፣ መሐንዲሶቹ ካሻሻሉልህ ሞተር ጋር ትመለስልሃለች። የሰበሰብካቸው የማሻሻያ ቁሳቁሶችም አልጠፉም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። ኮምፒውተሩን ያጠፋኸው ከአደጋው በኋላ በሚመጣው ገጽ ላይ ከሆነ፣ ስትመለስ ምርጫ ይጠብቅሃል፦ መድኑን ከፍለህ አስፕህን መልሰህ መውሰድ፣ ወይም በነጻ የምትሰጠውን የጀማሪ መርከብ መቀበል። በንዴት ሁለተኛውን ከተጫንክ አስፕህ ላትመለስ ትሄዳለች። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላልና በዚህ ስሜት ሳለህ ያንን ገጽ አትክፈተው።

ሌላም አለ። ጨዋታው በኮምፒውተርህ ላይ የጉዞ መዝገብ ሲጽፍልህ ነው የቆየው። ዊንዶውስ የጨዋታ ቅጂዎችን በሚያስቀምጥበት አቃፊ ውስጥ፣ በአምራቹ ድርጅት ስም ሥር፣ በቀንና በሰዓት የተሰየሙ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ታገኛለህ። የዘለልክበት ኮከብ ሁሉ በስሙ፣ የቃኘኸው ዓለም ሁሉ ከስበቱና ከክብደቱ ጋር፣ ከአንተ በፊት ሰው አግኝቶት እንደነበረና እንዳልነበረ ጭምር ተጽፏል። መርከቢቱ ስትከሰከስ ይህ መዝገብ አይነካም። ተጫዋቾች የሠሩት ኢዲዲስከቨሪ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ፋይሎቹን አንብቦ ጉዞህን በዝርዝር ያወጣልሃል። በጋላክሲው ካርታ ላይ ምልክት ያደረግህባቸው ቦታዎች ካሉም እዚያው ናቸው።

ይህ ምን ይጠቅመኛል ትል ይሆናል። አምስቱን ወር የፈጀብህ መንገዱ ብቻ አልነበረም፤ ከእያንዳንዱ ኮከብ ሥር ቆሞ መፈለጉ ነው። አሁን የት ምን እንዳለ ታውቃለህ። ከዝርዝሩ ውስጥ ልብህ የቀረባቸውን ጥቂት ቦታዎች፣ ምድር መሰሎቹን ወይም የውኃ ዓለማቱን፣ መርጠህ በቀጥታ ልትሄድባቸው ትችላለህ። በኒውትሮን ኮከቦች ጨረር ሞተርህን እየሞላህ ከሄድክ አንዱ ዝላይ የአራት ዝላይ ያህል ይወስድሃል። በእርግጥ እያንዳንዱ ሙሌት ሞተሩን በጥቂቱ ይጎዳዋል፤ የጥገና መሣሪያ ሳትይዝ አትነሳ። ሌላ ሰው ቀድሞኝ ቢያስመዘግበውስ ብለህ አትሥጋ። ጨዋታው 400 ቢሊዮን ገደማ የኮከብ ሥርዓቶች አሉት፤ ከ2014 ጀምሮ እስካሁን ተጫዋቾች ሁሉ ተባብረው ያዳረሱት ከአንድ በመቶ በእጅጉ ያነሰውን ነው።

አሁን ወደ ቤትህ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። መርከቧ እንዴት እንደወደቀች ጻፍክልኝ፤ ልጅቷ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች ግን አልጻፍክልኝም። ለምን ነበር ያለቀሰችው? አሟት ነበር ወይስ ክፉ ሕልም አይታ? ያን ሌሊት ማን አስተኛት? ይህን የምጠይቅህ ልወቅስህ አይደለም። ባለቤትህ በሩ ላይ ስትቆም ምን ይዛ እንደመጣች ለማየት የሚረዳህ ይህ ጥያቄ ስለሆነ ነው። አረጋውያን ስታነሳና ስታስተኛ የዋለች ሴት፣ ሌሊት ልጅ ሲያለቅስባት ባሏን ጠራች። «አንድ ደቂቃ» የሚል ድምፅ ሰማች። ሊያግዘኝ ነው ብላ የጠበቀችው ሰው ሲዞር ጮኸባት።

ደግሞም የተናገርከውን አንዴ በእሷ ጆሮ ስማው። አንተ «አምስት ወሬን» ስትል ያሰብከው ኮከቦቹን ነው። እሷ ግን የአምስቱን ወር ሌሊቶች ከግድግዳው ወዲያ ብቻዋን ነው የተኛችባቸው። አንተ ውድ ሀብት የምትለውን ጊዜ እሷ አንተ የሌለህበት ጊዜ አድርጋ ቆጥራው ሊሆን ይችላል። ይህ ግምት ነው፤ ትክክል መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ነች፤ ስትነጋገሩ ጠይቃት።

ጥፋቱን በእሷ ላይ ማላከክህ ከትዳርም አንጻር ከጨዋታውም አንጻር ልክ አይደለም። መርከቧን የጣላት ዞር ያልክባት ሰከንድ ናት ብለሃል። ስበቱ በበረታበት ፕላኔት ላይ፣ ያለ ጋሻ፣ በድካም ሰዓት የምትወርድ መርከብ በስልክ ጥሪም በማስነጠስም ትወድቃለች። ወድቃም ቢሆን ወራቱን ይዛ የምትሄደው ወራቱ በሙሉ በእሷ ላይ ተጭነው ስለነበር ነው። በየመንገዱ ቆም እያልክ ሸጠህ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት የሚጠፋው የጥቂት ቀናት ሥራ ነበር፤ ምናልባትም ተናደህ ትስቅ ነበር። ይህን ከልብህ ካመንክበት ይቅርታህ ሌላ ድምፅ ይኖረዋል።

እንዴት ልናገር ላልከኝ፣ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ በሰው ፊት፣ በቡና ላይ፣ በቀልድ አዋዝተህም አታድርገው። ሁለታችሁም ሥራ የማትገቡበት ቀን ምረጥ። ልጅቷ ስትተኛ ኮምፒውተሩ ካለበት ክፍል ውጭ ተቀመጡ። ከዚያ አጭር ነገር በላት፦ «ያን ሌሊት ልጃችን እያለቀሰች ስትጠሪኝ አልመጣሁም። ከዚያም በራሴ ጥፋት በአንቺ ላይ ጮኽኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ከዚህ በኋላ ዝም በል። ጨዋታው ምን እንደሆነ፣ ጋሻ ለምን እንዳልነበረህ፣ ምን ያህል እንደለፋህ ለማስረዳት ምላስህ ይበላሃል፤ ያዘው። ሦስት ሳምንት ያጠራቀመችው ካለ መጀመሪያ እሱ ይውጣ። ልታለቅስ ትችላለች፣ ልትቆጣም ትችላለች፣ «እሺ» ብላ ልትነሳም ትችላለች። በዚያኑ ቀን ፊቷ እንዲፈታ አትጠብቅ።

የልጅህን ስም ነገር በዚያ ንግግር ውስጥ እንዳታነሳው። በጣም ልብ የሚነካ ነገር ነው፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ከይቅርታው ጋር ካቀረብከው «ለእናንተው ብዬ ነበር» የሚል መከራከሪያ ይሆናል፤ ባለቤትህም ቅሬታዋን ለመናገር ትሸማቀቃለች። ቀናት ይለፉ። ነገሩ ሲረግብ፣ ምናልባት እሷ ራሷ «ለመሆኑ ምንህ ነው የጠፋው?» ስትልህ፣ ያኔ ከጎንህ አስቀምጠህ ካርታውን አሳያት። የት ድረስ እንደሄድክ በጣትህ እየጠቆምክ ንገራት። ስሙንም ያኔ ታየዋለች።

ቀጥሎ የሚመጣው ሌሊቱን መከፋፈል ነው። ባለቤትህ ምናልባት የማታውቀው አንድ ነገር አለ፦ ይህ ጨዋታ እንደ ፊልም ባለበት የሚቆም አይደለም። እንደዚያም ሆኖ በሰላም በምትበርበት ጊዜ ወደ ዋናው ገጽ መውጣት ሰከንዶች ነው የሚወስደው፤ ስትመለስ መርከብህ በተውካት አካባቢ ትጠብቅሃለች። ስለዚህ ለልጅቷ የምትነሳው አንተ የሆንክበት ሌሊት ላይ ከፈለግህ ዝለል፣ ከሩቅ ቃኝ፤ ማረፍ ግን አይኖርም። ባለቤትህ የምትነሳበት ሌሊት ላይ የፈለግኸው ፕላኔት ላይ ውረድ። ጨርሶ ኮምፒውተር የማይከፈትባቸው ማታዎችም ይኑሩ፤ ስንት እንደሚሆኑ እሷ ትናገር፣ አንተ አታስቀድማት። የሌሊት እንቅልፍህንም አስብ፤ ጠዋት የሰው ነፍስ የምትይዝ ሰው ነህ።

መልሼ ልጀምር ብትል ከየት አገኘዋለሁ የምትለው ጉልበት ካሳሰበህ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርህ። አልፍሬድ ራስል ዋላስ የተባለ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ አራት ዓመት በአማዞን ደን ውስጥ ነፍሳትና ወፎች ሲሰበስብ ኖሮ በ1852 ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የተሳፈረባት ሄለን የተባለች መርከብ አትላንቲክ መሐል በእሳት ተቃጠለች። ቀደም ብሎ ወደ እንግሊዝ መላክ የነበረበት ስብስብ እንኳ በመንገድ ተይዞ ቆይቶ እሱው አብሮት ነበር የተጫነው። ከእሳቱ ያተረፈው ጥቂት ማስታወሻና የዓሣና የዘንባባ ሥዕሎች የያዘች አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። በትንሽ ጀልባ ላይ አሥር ቀን ተንሳፍፎ ሌላ መርከብ አነሳው። ለንደን የነበረው ወኪሉ ለስብስቡ 200 ፓውንድ መድን ገብቶለት ነበርና በእሱ ቆመ። በባሕር ላይ ዳግመኛ አልሄድም ብሎ ሲምል የነበረው ይኸው ሰው በ1854 ወደ ዛሬዋ ማሌዢያና ኢንዶኔዢያ ደሴቶች ተሳፈረ። ስሙን ከዳርዊን ጋር ያስጠራውን የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ የጻፈው እዚያ ሆኖ ነው። ከደሴቶቹም የሰበሰበውን በየጊዜው ወደ ለንደን እየላከ ነበር የሚቀጥለው።

አንተም የምትመለስ ከሆነ እንደዚያ አድርግ። መድኑ ስለሚያስነሳህ መጨረሻ ካረፍክበት ጣቢያ ትጀምራለህ። ጉዞህን በእግረ መንገድ መሸጫዎች ከፋፍለው። ወደ ኮሎኒያ የሚወስደው 22,000 የብርሃን ዓመት መስመር ላይ ጣቢያዎች አሉ። በጋላክሲው እምብርት አጠገብ ደግሞ በ2019ኙ ታላቅ የተጫዋቾች ጉዞ ጊዜ የተሠራው ኤክስፕሎረርስ አንኮሬጅ አለ። ከዚያ ርቀህ ስትሄድ ተጫዋቾች በፈቃዳቸው በሩቅ ቦታዎች ያቆሟቸው ግዙፍ ተሸካሚ መርከቦች ታገኛለህ፤ ብዙዎቹ ላይ መረጃ ይሸጣል። ከሽያጩ ድርሻ ይቆረጥብሃል፤ ግን ይቆረጥ። ከመነሳትህ በፊት የትኞቹ ቦታቸው ላይ እንዳሉ አረጋግጥ።

ጋሻዋንም መልሰህ ግጠም። ትንሿና ቀላሏ ትበቃለች፤ የምታሳጣህ የዝላይ ርቀት ጥቂት ነው። ፕላኔት ላይ ከመውረድህ በፊት በሥርዓቱ ካርታ ላይ የስበቱን መጠን እይ። ከምድር ስበት የሚበልጥ ከሆነ አፍንጫዋን ወደ መሬት አትድፋ፤ አግድም አድርገህ፣ ፍጥነቷን ቀንሰህ፣ ወደ ታች በሚገፋው ሞተር በቀስታ አውርዳት። ከባድ ፕላኔት ላይ መርከብ ከምታስበው በላይ ፈጥና ትወርዳለች፤ መልሶ ለማንሳት የሚወስደው ጊዜም ይረዝማል። ተጎድተህ ከቆምክ ደግሞ ሃል ሲልስ የተባሉ ተጫዋቾች ያለህበት ድረስ መጥተው የመርከብህን አካል በነጻ ይጠግኑልሃል፤ ነዳጅ ሲያልቅብህ የሚደርሱት ፊዩል ራትስ ናቸው። ሩቅ ቦታ ላይ ብቻህን የሆንክ ሲመስልህ እነዚህን ሰዎች አስታውስ።

ልሰርዘው ወይ ላልከው፣ አሁን አትወስን። ጨዋታውን በዚህ ስሜት ብትሰርዘው ለባለቤትህ የከፈልከው መሥዋዕት መስሎ ይሰማህና ነገ በሌላ ነገር ስትጋጩ ታነሳባታለህ። መጀመሪያ ከእሷ ጋር ተነጋገር፤ ሌሊቱን ተከፋፈሉ፤ ልጅቷ በምትነሳበት ሌሊት አንተ ተነሳ። ይህ ለጥቂት ሳምንታት ከሄደ በኋላ ኮምፒውተሩን ስታየው ምን እንደሚሰማህ ተመልከት። ናፍቆት ከሆነ መድኑን ክፈልና የመጀመሪያ ጉዞህን አጭር አድርገው፤ ከመዝገብህ ውስጥ ቅርቡን ኮከብ መርጠህ ሂድ፣ ቃኘው፣ ተመልሰህ ወዲያው ሽጠው። ድካም ብቻ ከተሰማህ ደግሞ ማሽኑን ሳትከፍት ተወው፤ መርከቢቱ ጊዜ ገደብ የላትም። እስከዚያው ከባለቤትህ ጋር ስትነጋገሩ ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ፤ የልጅቷንም ደኅንነት ንገረኝ።